የጋሽ ፍሬን ኮምፒዩተርና ጥግ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ጋሽ ፍሬን ያን ዕለት ጠዋት የኮምፒዩተራቸውን ስክሪን በኮታቸው ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው በእግረኛ መንገድ ይሄዱ ነበር። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ቆም ይላሉ፤ ግራ ያያሉ፣ ቀኝ ያያሉ፣ ደግሞ ግራ ያያሉ፤ ከዚያ ይታጠፋሉ። በእግራቸው መሆናቸውን ማን ይንገራቸው? ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስሙንም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ሲሆኑ፣ «ፍሬን ያዝ» ከማለት አፋቸው ስለማያርፍ ጋሽ ፍሬን ተብለው ቀሩ። የእናት አባት ስማቸውን ዛሬ የሚያስታውሰው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ማቋረጫው ላይ አረንጓዴ መብራት ሲጠብቁ ከአጠገባቸው የቆመች ሴት «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። ዞር ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። በአንድ ትልቅ ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል የምትሠራ፣ የተማረች፣ ጨዋ ልጅ ናት፤ አንድ ጉድለት ቢኖርባት የምታውቀውን ነገር ሳትጠየቅም መናገሯ ነው። የያዙት ምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ስክሪኑ ስለታመመ ወደ ጥገና ቤት እየወሰዱት መሆኑን ነገሯት።

«ምን ሆኖ ነው የታመመው?»

«ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አርጅቷል፤ አዲሱን የፈተና መለማመጃ አልከፍትም ይላል።»

«ታዲያ ዋናውን የኮምፒዩተር ሳጥን ለምን ተዉት?»

«ሳጥኑ ምን አደረገ? እሱ ጠረጴዛ ሥር ዝም ብሎ ተቀምጧል። እምቢ ብሎ የጻፈብኝ ይኼኛው ነው።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መብራቱ ዞረች። እዚህ ላይ የሚስቅ አንባቢ ካለ፣ ከመሳቁ በፊት ስልኩን ከኪሱ ያውጣና ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የትኛው እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰውም መቼ እንደሆነ ይንገረን። መልስ ካጣ ጋሽ ፍሬንን ይቅርታ ይጠይቅ።

ነገሩ ደግሞ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ፍሬን የሠፈሩን ግማሽ ሰው መንዳት ሲያስተምሩ፣ ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸውን ባለቤታቸውን ግን «ለከርሞ» እያሉ ከዓመት ዓመት ሲያሻግሩ ኖረዋል። እትዬ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። በዚያ ሳምንት ግን ፎጣ እያጠፉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ የጽሑፍ ፈተናው መለማመጃ እስከ ቅዳሜ ካልተከፈተላቸው ማዶ ሄደው እንደሚመዘገቡ ተናገሩ። ማዶ ማለት ከጋሽ ፍሬን ማሠልጠኛ ፊት ለፊት ያለው፣ በሩ መስታወት የሆነው ማሠልጠኛ ነው። ባለቤቱ ማርሽ መቀየር የተማረው ከጋሽ ፍሬን ነው። የመምህሩ ሚስት ከተማሪው ዘንድ ሄዳ ከተመዘገበች፣ ጋሽ ፍሬን ሰኞ ጠዋት በየትኛው ፊታቸው በራቸውን ይከፍታሉ? ይህን ሲያስቡ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ዕለቱም ሐሙስ ነበር።

የእህታቸው ልጅ ይህን ስትሰማ የራሷን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አድርጋ፣ ስክሪኑን በአንድ ወገን ይዛ አብራቸው ወደ ማሠልጠኛው ተመለሰች።

ማሠልጠኛው አንድ ክፍል ነው። መሀሉ ላይ የመስቀለኛ መንገድ ሥዕል የተሣለበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ የአውቶቡሱ አንድ ጎማ ከጠፋ ቆይቷል። ግድግዳው በመንገድ ምልክቶች ተሞልቷል። ከሁሉ ትልቁ ግን የአንድ መኪና ዳሽቦርድ ፎቶ ነው። የዘይቱ ቀይ መብራት ዓይኑን እየወጋ ስላስቸገረው ፕላስተር ለጥፎበት ሲነዳ፣ ሞተሩ ዘይት አልቆበት ነክሶ መሀል መንገድ ላይ የቀረ ደንበኛ ነበራቸው። ጋሽ ፍሬን ፎቶውን አስጎልተው ሰቅለውት፣ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ትምህርት የሚጀምሩት በእሱ ነው። «መብራቱን ሸፍኖ የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው» ይሉና ተማሪው እስኪስቅ ይጠብቃሉ።

ልጅቱ ስክሪኑን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ መስቀለኛ መንገድ ኮምፒዩተሩ ነው እንበል። መንገዱ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብረታ ብረት ነው። መኪናዎቹ ፕሮግራሞቹ ናቸው፤ አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያሳያል፣ አንዱ ያትማል። ሁሉም በአንዴ እንለፍ ቢሉ ምን ይሆናል?»

«ይጋጫሉ ነዋ። ትራፊክ ፖሊስ ያስፈልጋቸዋል።»

«ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው እሱ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ጨርሶ መግባት እንደሌለበት የሚወስነው እሱ ነው። ስልክዎም ውስጥ እንዲሁ አንድ አለ። ስክሪኑ ግን የመንገድ ዳር ሰሌዳ ነው፤ የጻፉበትን ከማሳየት በቀር ሥልጣን የለውም።»

ጋሽ ፍሬን ስክሪኑን ዞረው አዩት። ያለ ጥፋቱ ስላንከራተቱት አዘኑለትና የወደቀበትን አቧራ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት። ቢሆንም በዚህ ብቻ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ትራፊኩ ቢያረጅስ ምን አለበት ሲሉ ጠየቁ። ድሮ በዋናው አደባባይ የነበረውን ትራፊክ አነሡባት፤ ሾፌሩን ሁሉ በስም የሚያውቅ፣ አንዴ በፊሽካ አንዴ በዓይኑ ብቻ ከተማውን የሚያስተዳድር ሰው ነበር አሉ። አሁን ያሉት ወጣቶች ግን ስልካቸውን ሲያዩ አውቶቡስ ያልፋቸዋል።

«ልክ ነዎት፣ ጎበዝ ነበር» አለች ልጅቱ። «ግን ጡረታ ወጥቷል። በእርስዎ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ትራፊክ ጡረታ ከወጣ በኋላ አዲስ ምልክት የሚያስተምረው ሰው የለም። የፈተናው መለማመጃ አዲስ ታርጋ ለጥፎ ሲመጣ አያውቀውም፤ ስለዚህ አያሳልፈውም። ሌቦቹ ግን በየት በኩል እንደማያይ አጥንተው ጨርሰዋል። አፕዴት የሚባለው ነገር፣ ሌባ በዚህ በኩል ገብቷልና ይህን ዝጋ ተብሎ ለትራፊኩ የሚነገረው መመሪያ ነው። ለእርስዎ ግን መመሪያው መምጣት ካቆመ ቆየ።»

«እኔ ምን አለኝና ነው ሌባ የሚመጣብኝ? ይህ ሁሉ አዲስ ዕቃ ሊሸጡልን ነጋዴዎች የሚያወሩት ነው።»

ልጅቱ እዚህ ላይ አልካደችም። ነጋዴም አለበት፤ ያለ ምክንያት አዲስ ካልገዛችሁ የሚል ሞልቷል አለች። ሌባ የሚወስድባቸው ምን እንዳላቸው ግን እሳቸው ራሳቸው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ጋሽ ፍሬን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መንጃ ፈቃድ ያገኘ ተማሪ ሁሉ የማሠልጠኛውን መኪና ተደግፎ የተነሣው ፎቶ እዚያ ሳጥን ውስጥ መሆኑን ተናገሩ። የሞቱም አሉበት፤ አገር ጥለው የሄዱም አሉበት። የዛሬው የማዶው ሰውዬም አለበት፣ ፂም ሳያወጣ። የሳጥኑ ሆድ ሲከፈት ይህ ሁሉ ድራሹ ይጠፋብኛል ብለው ነው ሰው እንዲነካው የማይፈቅዱት።

እውነተኛው ፍርሃት ይኸው ነበር፤ የተቀረው ሁሉ ለክርክር ያህል የተባለ ነው። ሰዎች አዲስ ነገር የሚጠሉ የሚመስሉን ብዙ ጊዜ አሮጌው ውስጥ ያስቀመጡት ነገር ስላለ ነው።

«ጋሼ፣ ሞተር ከማውረድዎ በፊት መኪናው ላይ ያለውን ዕቃ አያወርዱም?»

«አወርዳለሁ እንጂ። ከነዕቃው የሚያወርድ ማን ነው?»

«እኛም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጣለን። ከዚያ ዲስኩን ከፍተው በዓይንዎ ያያሉ። እርስዎ ሁሉም አለ ሳይሉ እኔ አንድ ቁልፍ አልነካም።»

ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዳቸው፣ አስቤበት እነግርሻለሁ አሉ። ይህም «ለከርሞ» ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ቤት የሚኖር ቃል ነው። ልጅቱም አልተከራከረችም። ፎቶዎቹን ለማየት ስክሪኑን ከሳጥኑ ጋር አገናኝታ አበራችው።

ስክሪኑ ሲበራ በስተቀኝ በኩል፣ የታችኛው ጥግ ላይ፣ ለቁስል የሚለጠፍ ቡናማ ፕላስተር ታየ። ዳር ዳሩ ቆሽሾ ተቆልምሟል። ከሥሩ አንድ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል።

«ይህ ምንድን ነው ጋሼ?»

«እሱን ተይው። እዚያ ጥግ ላይ በየጠዋቱ አንድ ጽሑፍ ብቅ እያለ ሥራ ሲያስፈታኝ ጊዜ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ልጅቱ ምንም አላለችም፤ ያን ቀን ሳትጠየቅ ያልተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ወደ ግድግዳው ብቻ ዞር አለች። ጋሽ ፍሬንም ዓይኗን ተከትለው ዳሽቦርዱን፣ ቀዩን መብራት፣ የደንበኛቸውን ፕላስተር አዩ። ፕላስተሩ እንኳ ቀለሙ አንድ ነው። ስንቱን ተማሪ በዚያ ፎቶ አስቀዋል፤ ስንቱን ገሥጸዋል። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ ብድግ ብለው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከእንግዲህ ጥበቃ አይደረግለትም ይላል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ለካ ሐኪም የሚያስፈልገው እኔን ኖሯል» አሉ።

ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ፍሬን ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ያወጣል፤ ያን ቀን ግን ሁሉም የሳቅ አልነበረም።

አሁን ነገሩ ያለቀ መስሏት ልጅቱ በድል ስሜት ተነሣችና እሷ የምትጠቀምበትን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አወጣች። የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ማክ ነው፤ ቀጭን፣ የሚያምር፣ ድምፅ የሌለው። እሱን እንዲገዙ ትመክራቸው ጀመር። ከተማሩ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ምረጡልን ሲባሉ ለራሳቸው የመረጡትን ያቀርባሉ። አሁን ግን ልጅቱ ጋሽ ፍሬን በደንብ ወደሚያውቁት አገር ገብታለች። መኪና ልገዛ ነው ብሎ ለሚማከራቸው ሰው ሁሉ ሦስት ጥያቄ አላቸው።

«በየት መንገድ ልነዳው ነው?» አሉ። «ይኼ መለማመጃ በሱ ይከፈታል?»

ልጅቱ መለማመጃውን ያወጣውን የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፍታ አየች። አይከፈትም ነበር።

«ምን ልጭንበት ነው? እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የተማሪ መታወቂያ አትማለሁ፣ ፎቶ አስቀምጣለሁ። ለዚህ ይህን ያህል ዕቃ ያስፈልገኛል? ሲበላሽስ በዚህ ሠፈር ማን ይጠግንልኛል?»

ልጅቱ ላፕቶፑን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀርቶ ምክክር ሆነ። ልጅቱ ገጹን አነበበችላቸው፤ መለማመጃው በአዲሱ ዊንዶውስ ወይም አዲስ በሆነ አንድሮይድ ስልክ ላይ ነው የሚከፈተው። ሳጥኑ አቅሙ ስለደከመ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አይችልም። ጋሽ ፍሬን የሠፈሩ ሱቅ ውስጥ አንድ ልጅ ማናቸውንም ዓይነት ዊንዶውስ በፍላሽ በርካሽ እንደሚጭን አስታወሱ። ልጅቱ ግን ቅጂው ፈቃድ የሌለው መሆኑን ነግራ፣ በፎርጅድ መንጃ ፈቃድ የመጣ ሾፌር ይቀጥሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ጋሽ ፍሬን ፎርጅድ የሚለውን ቃል እንኳ መስማት ስለማይወዱ የሱቁ ነገር በዚያው ተዘጋ። ለአሮጌው ሳጥን ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መረጡለት፤ ቀላል ነው፣ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ መመሪያው አይቋረጥም፤ ለደብዳቤ፣ ለኅትመትና ለፎቶ ይበቃል። ደግሞም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ሊሞከር እንደሚችል ሲሰሙ፣ መኪና ሳይገዙ ነድቶ መሞከርን የሚመስል ነገር በመሆኑ ጋሽ ፍሬን በጣም ደስ አላቸው። ማተሚያቸው በሱ ይሠራ እንደሆነ ሞከሩት፤ ሠራ። ፎቶዎቹም ወደ ሌላ ዲስክ ተገለበጡ፤ ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን አድርገው እስከ ፂም አልባው የማዶው ሰውዬ ድረስ እያዩ ሁሉም አለ ካሉ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው።

የቀረው ስልኩ ነበር። የእትዬ ስልክ ቁልፍ ብቻ ያለው ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ ብልጥ ስልክ ይበቃል ብለው የፈረዱት ጋሽ ፍሬን ናቸው። የራሳቸውን ሲገዙ ሻጩን የጠየቁት ስንት ካሜራ እንዳለው ብቻ ነው፤ አፕዴት እስከ መቼ እንደሚመጣለት አልጠየቁም። ደግነቱ ገና አልተቋረጠበትም። ስልኩ በትሕትና ልታደስ ወይ እያለ ሲጠይቃቸው «በኋላ» የሚለውን ሲጫኑ ስለኖሩ፣ ያንን ቁልፍ ጣታቸው ዓይን ሳያስፈልገው ያገኘዋል። ልጅቱ ባትሪው መሙላቱን አየች፣ ፎቶና ስልክ ቁጥራቸውን ወደ ሌላ ቦታ ገለበጠችና ስልኩን ሰጠቻቸው። ጣታቸው ከስክሪኑ በላይ ቆሞ ቀረ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና እትዬ ገቡ። የመጡት ቅዳሜ ማዶ ለምዝገባ የሚሰጡትን ፎቶግራፍ ሊወስዱ ነበር። ባላቸውን፣ የተላጠውን ፕላስተር፣ የተንጠለጠለችውን ጣት ተራ በተራ አዩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት በኋላ ያልከው ለስልኩ ብቻ አይደለም» አሉ።

ጋሽ ፍሬን ቀና ብለው አዩአቸው። ከትዳር ጓደኛ የሚመጣ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ሰው ወይ ይቆጣል ወይ ያፍራል፤ ጋሽ ፍሬን አፈሩ። «አሁን» የሚለውን ተጫኑ። ስልኩ ጠቆረ። ጋሽ ፍሬን ሞተ ወይ ብለው ጠየቁ፤ አልሞተም ተባሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጠየቁ። በመጨረሻ ስልኩ በራ፤ ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም በቦታው ነበር። መለማመጃውም ተጭኖ ተከፈተ። እትዬ ወንበር ስበው ስልኩን ከእጃቸው ወሰዱና የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሱ። ማዶ አልሄዱም። ስልኩንም አልመለሱም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ፍሬን ለሰው መደወል ሲፈልጉ ሚስታቸውን ያስፈቅዳሉ።

እትዬ የጽሑፍ ፈተናውን አለፉ። ጋሽ ፍሬን ደግሞ ያን የቆሸሸ ፕላስተር በመስታወት አስገብተው ከዳሽቦርዱ ፎቶ አጠገብ ሰቀሉት። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣ ትምህርቱ ረዘም ብሏል። የሌላውን ሰው ጥፋት ከነገሩ በኋላ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ቀጥለውም ስልክም ሆነ ኮምፒዩተር ከመግዛታችሁ በፊት የምትሠሩበትን ሥራ እወቁ፤ ፕሮግራማችሁ በየትኛው እንደሚከፈት፣ አፕዴት እስከ መቼ እንደሚመጣለት፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ ይላሉ። ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ አፕዴት ሲጠራችሁ ስሙት፤ የታደሰ ነገር ሌባ በቀላሉ አይደፍረውም፣ አዲሱን ፕሮግራም ይቀበላል፣ አሮጌውም ዕቃ ከነክብሩ ረጅም ጊዜ ይሠራል ይላሉ። ተማሪዎቹ መንዳት ልንማር መጥተን ይህ ምን አመጣው ብለው ይተያያሉ። ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ስልካቸውን የሚያዩ አሉ።

የእትዬ የመጀመሪያው የመንገድ ልምምድ የማይረሳ ነበር። ጋሽ ፍሬን ከጎን ተቀምጠው እግራቸውን በአሠልጣኙ ፍሬን ላይ አሳርፈዋል። እትዬ መንገዱን እያዩ «እግርህን ከዚያ አንሳ» አሉ። አነሡ። ለብዙ ዓመታት ከባለሥልጣን እስከ ባለሱቅ ያስተማረው እግር ተሰብስቦ ከወንበሩ ሥር ገባ። ዋናው መንገድ ላይ ደርሰው ወደ ማሠልጠኛው ሲቃረቡ፣ እትዬ ለልምምዱ ሰዓት ብቻ የመለሱላቸው ስልክ ከኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አወጡት፤ አፕዴት ነው። ጣታቸው በልማዱ ወደ «በኋላ» ሄደ። ግን ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ።

«ስፖኪዮ እዪ» አሉ። «ፍሬቻ ስጪ። ጥግ ያዢ። የእጅ ፍሬን ሳቢ።»

እትዬ እንደታዘዙት አደረጉና ምን እንዳጠፉ ጠየቁ። ምንም አላጠፉም፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ ነድተዋል አሏቸው። ከዚያ «አሁን» የሚለውን ተጫኑና ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

የቆሙት ልክ በመስታወቱ በር ፊት ነበር። የማዶው ሰውዬ እትዬን መሪ ላይ ሲያይ ገርሞት ወጣ፤ የድሮ መምህሩን ለመርዳትም ፈልጎ በመስኮቱ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?» አላቸው።

«አልተበላሸም» አሉ ጋሽ ፍሬን ስልኩን በአገጫቸው እያሳዩት። «እንዳይበላሽ ነው የቆምነው።»